ከበር የገባ ይናገራል

ጥቅምት 6

ነፋስ። ደግሞ ነፋስ። ጅግጅጋን ነፋሱ ትቷት ቢሄድ የምናማው እናጣ ነበር።

ቀን ከሁለተኛ ደረጃ ልጆቼ ጋር ዋልኩ። አሥር ሰዓት ላይ ከጨርቅ ሱቁ በላይ ባለችው ክፍል ከትልልቆቹ ተማሪዎቼ ጋር። እነሱ የእንግሊዝኛ ሰዋስው አልቸገራቸውም። ያለፈ ጊዜን ደንብ ብጠይቅ ጉሃድ አንድም ሳይስት ሰሌዳው ላይ ጻፈው። ጉሃድ ትራንዚተር ነው፣ ደወሌ ድረስ እየተመላለሰ የነጋዴ ዕቃ ከጉምሩክ ያስወጣል። ዋርዳም ጻፈች፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራዋ። "እሺ፣ አሁን ደግሞ አውሩት" አልኩ። ሁሉም ጫማውን ያያል።

ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው። ይጽፋሉ እንጂ አይናገሩም። ጥፋቱ የማን ነው? የእኔ እንዳይሆን... እኔስ ብሆን ካነበብኩት ውጭ በእንግሊዝኛ አውርቼ አውቃለሁ?

በመስኮቱ ሳይ የካራማራ ተራራ በአቧራው ውስጥ አለ፣ የለም፣ አለ። ሳየው ቆየሁ መሰለኝ፣ ዋርዳ "ቲቸር ንጋቷ፣ ከእኛ ጋር ነሽ?" አለችኝ። አልነበርኩም።

ጥቅምት 9

አዲስ ተማሪ መጣች። ሻሚስ ትባላለች፣ ስልሳ ሳይሞላት አይቀርም። ገበያ ውስጥ ሽቶና ሻሽ ትሸጣለች። ደረጃውን ወጥታ እስክትጨርስ ሽቶዋ ቀድሟት ገባ።

"ከዚህ በፊት እንግሊዝኛ ተምረው ያውቃሉ እርስዎ?" አልኳት።

"እኔ ብቻዬን ነኝ የመጣሁት። እርስዎ የምትይው ማንን ነው?"

ክፍሉ ሳቀ። እንደ ሶማሊዎቹ ልጆች ኤዶ በዪኝ አለች፣ አክስቴ እንደ ማለት ነው። ኤዶ አልኳት። አንቺ ለማለት ግን ምላሴ ተያዘ... እለምደው ይሆናል።

ለምን መማር እንደፈለገች ጠየቅኳት። "ሥራ አለኝ" አለች። ሽቶ ለመሸጥ ነው? "አይደለም።" ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ጥቅምት 15

ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን ሞከርኩ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተጠያየቁ የሚል። ትናንት ምን አደረግሽ፣ የት ሄድሽ፣ ከማን ጋር፣ መቼ ተመለስሽ። ካርድ ቆራርጬ፣ ቀለም ቀብቼ፣ የዕረፍት ቀኔን ጨርሼበት።

አልሠራም። ጉሃድ ለኤዶ ሻሚስ የመጀመሪያውን ካርድ አነበበላት። ከእጁ ወስዳ ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ትናንት የት እንደዋልኩ እሱን ምን አገባው?"

"ልምምድ ነው እኮ፣ ኤዶ" አልኳት።

"ፖሊስ ነው እንዲህ የሚጠይቅ።"

ጉሃድም አንገቱን ደፋ። እናቱን የምታክል ሴት ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ መመርመር አሳፍሮታል። እኔ ግን ተናደድኩ። ካርዶቹን ሰብስቤ ቦርሳዬ ውስጥ ጠቀጠቅኳቸው። ቤት ስገባ እማዬ "ምን ሆነሽ ነው ፊትሽን ያጠቆርሽው?" አለች። ምንም አልኳት።

ጥቅምት 21

ዛሬ ደግሞ ሥዕል አሳየኋቸው፣ የምታዩትን ንገሩኝ ብዬ። ዋርዳ፦ "ሰው። ዛፍ።" በቃ።

ልተወው ይሆን?

ጥቅምት 24

አንድ ነገር ሆነ። ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ጉሃድ ዘግይቶ መጣ። ከደወሌ መመለሱ ነው፣ ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ ለብሷል። ልቆጣው አፌን ስከፍት ክፍሉ በሙሉ "ወረን" አለው። ወሬህን ስጠን ማለት ነው፣ ሶማሊዎች ከመንገድ ለገባ ሰው የሚሉት። ዋርዳ ውሃ ቀዳችለት። ኤዶ ሻሚስ ወንበር ሳበችለት። ጠጣና ጀመረ። መጀመሪያ ሰላም ነው አለ፣ መንገዱ ሰላም ነው። ዝናቡ የት እንደጣለ፣ የት እንደቀረ፣ ሳሩ፣ ግመሎቹ፣ የባቡሩ ጩኸት፣ ሻሂ የጠጣበት ቤት... ሶማሊኛዬ የገበያ ስለሆነ ግማሹ አመለጠኝ። ግን ማንም አላቋረጠውም። ማንም አልጠየቀውም። "ሀዬ" ብቻ ይላሉ፣ እሺ ቀጥል እንደ ማለት። ክፉ ወሬ ካለ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ ሰሚው ልቡን ካዘጋጀ በኋላ። እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ አድጌ፣ ስንቴ በአጠገቡ አልፌያለሁ። ቁጭ ብዬ ሰምቼው ግን አላውቅም ለካ።

ሲጨርስ "ጉሃድ፣ ተመልሰህ ውጣ" አልኩት። "አንኳኳና ግባ። ያንኑ በእንግሊዝኛ።"

ወጣ። አንኳኳ። ገባ። "አይ ኬም ፍሮም ደወሌ። ዘ ሮድ ዎዝ ፒስ።"

"ሀዬ" አሉት ሁሉም።

ላርመው እጄን ሳነሣ ኤዶ ሻሚስ ይዛ ወደ ታች መለሰችው። ተውኩት። ተናገረ፣ ተናገረ... ግመሎቹ እንኳን በእንግሊዝኛ አለፉ። ሰዓቴን አላየሁም። ውጭ ነፋሱ ቆሞ ነበር፣ ወይም ለእኔ የቆመ መሰለኝ።

ኅዳር 3

አሁን ደንብ ሆኗል። ከበር የገባ ይናገራል፣ የተቀመጠ ይሰማል። ጥያቄ ክልክል። እርማት መጨረሻ ላይ፣ ለባለቤቱ ብቻ። ካርዶቹን እማዬ ከሰል አቀጣጠለችባቸው።

ዋርዳ ዛሬ ከባቢሌ "መጣች"። ሄዳ አታውቅም እኮ። ለውዝ እየበላች፣ መንገዱን ዝሆን ዘግቶባት፣ ለዝሆኑ ለውዝ አካፍላው... ትንሽ ብንተዋት ዝሆኑ ሽማግሌ ይልክባት ነበር። ከሥዕሉ ላይ "ሰው፣ ዛፍ" ያለችው ልጅ ይህች ናት? ምኑ ነው የተለወጠው? በሩ ብቻ።

ኅዳር 12

ኤዶ ሻሚስ ተራዋ ሲደርስ "ከሱቅ መጣሁ፣ ሰላም ነው" ብላ ተቀመጠች። ሌሎቹ ሲወርዱ እሷ ቀረች። ያ "ሥራ" ምን እንደሆነ ዛሬ ነገረችኝ።

ሳህራ የምትባል ልጅ ነበረቻት። እንግሊዝ አገር ሄደች፣ አገባች፣ ወለደች። አምና እዚያው ታማ ሞተች። ከሄደች ወዲህ ኤዶ ሻሚስ አላየቻትም።

"ስልክ ስትደውል ሁሌ ሰላም ነኝ ነው የምትለው" አለችኝ። "ታማም ሰላም ነኝ። ሰላም ነኝ፣ ሰላም ነኝ፣ ከዚያ ሞተች ተባልኩ። መሐሉን ማንም አልነገረኝም።"

መሐሉን የምታውቀው የሳህራ ልጅ ናት፣ ዐኒሳ። ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ከእንግሊዝኛ በቀር አትሰማም። አባቷ ከአያቷ ጋር ትኑር ብሎ ከኢድ በኋላ ሊልካት ነው።

"ዋርዳ ትተረጉምልሻለች እኮ" አልኳት። አንቺ ማለቴን ያወቅኩት በኋላ ነው።

"የልጄን ወሬ በሰው አፍ አልሰማም።"

ደረጃው ላይ ቁጭ አልን። ከታች ባለሱቁ ሰማያዊ ጣቃ ይዘረጋል፣ ነፋሱ ያነሣበታል፣ መልሶ ይይዘዋል፣ ያነሣበታል... ሁለታችንም እሱን እናያለን። ስትነሣ ጉልበቷን ይዛ "ቲቸር፣ እስከ ኢድ ይደርስልኛል?" አለች። ይደርስልሻል አልኩ። ምን ይዤ ነው እንዲህ ያልኩት?

ኅዳር 13

ባይደርስላትስ?

ታኅሣሥ 8

"ቲቸር፣ አንቺስ መቼ ነው የምትመጪው?" አለ ጉሃድ። እኔ አስተማሪ ነኝ አልኩ። "አስተማሪ መንገድ አይሄድም?" አለች ዋርዳ። ነገር ታውቃለች ይህች ልጅ።

ወጣሁ። በሩን ዘግቼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ከየት ልምጣ? ትምህርት ቤት፣ ቤት፣ ትምህርት ቤት... ይህ መንገድ ነው? የበሩን እጀታ ይዤ መልሼ እለቃለሁ። ለሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት ያሳፍራል።

ከዚያ አባዬ መጣ፣ ነፍሱን ይማረውና። የጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ ነኝ፣ እግሬ ወለሉ ላይ አይደርስም። ከባቢሌ ወዲህ ያሉት ድንጋዮች፣ አንዱ ሌላውን ተሸክሞ የቆመው። "ዝም በይ፣ ተኝተዋል" ይለኝ ነበር አባዬ፣ ክላክስ እንኳን አያሰማም። እስክናልፋቸው ትንፋሼን እይዛለሁ። ከዚያ ሜዳው ብቻ፣ ሰማዩ ብቻ፣ እኔ ደግሞ እንቅልፍ ይወስደኛል። ሁልጊዜ ጅግጅጋ የምገባው ተኝቼ ነበር። እስከ ዛሬ የነቃሁ አይመስለኝም አንዳንዴ...

አንኳኩቼ ገባሁ። ይህንን ሁሉ ተናገርኩ። በእንግሊዝኛ፣ ሳላነብ። የተሳሳትኩትን ለተማሪ ቢሆን በቀይ አሰምርበት ነበር። "ሀዬ" አሉኝ። "ሀዬ"... ይህች ቃል እንዲህ ትጣፍጣለች?

ጥር 19

ጥምቀት ነበር፣ ሳምንቱ አለፈ። ክፍል ሲከፈት ኤዶ ሻሚስ ገብታ ብዙ አወራች። ነፋሱ ሻሾቿን እንደወሰደባት። ቀዩን ባጃጅ ላይ አገኘችው፣ አረንጓዴውን ፍየል ላይ፣ ቢጫው ከከተማ ወጥቶ አውበሬ ደርሷል፣ እዚያ ላለች ሙሽራ። ያለፈው ጊዜ ከመጪው ጊዜ ጋር ተደበላልቋል። እኔም ተደባልቄ ሰማኋት።

የካቲት 11

እናት፣ ሆስፒታል፣ መድኃኒት፣ ሕመም፣ ቀብር። ኤዶ ሻሚስ የምትጠይቀኝ ቃላት እነዚህ ናቸው። "ዐኒሳ ስትለው መስማት አለብኝ" ትላለች። እደግምላታለሁ፣ ዓይኗን ጨፍና ትሰማኛለች። ቃሉን ከአፌ ማውጣት ከበደኝ ዛሬ።

መጋቢት 2

ዘንድሮ ሁለቱ ጾም አንድ ቀን ገባ። እነሱም እኛም። ክፍሉ እስከ ኢድ ተዘጋ። እማዬና ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ ተያዩና ሳቁ፣ ማን ቀድሞ ይራባል ብለው።

ሚያዝያ 10

ዐኒሳ መጥታለች። የአባቷ ዘመድ አድርሷት ተመለሰ። ዋርዳ ናት የነገረችኝ፣ ትናንት በአውሮፕላን ገባች አለች። ቀጭን፣ ረዥም፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ። ኤዶ ሻሚስ ክፍል አልመጣችም። ደስ አለኝ። ቀኑን ሙሉ፣ ሌሎቹን እያስተማርኩ፣ ሁለቱ ተቃቅፈው ሲያወሩ ይታየኝ ነበር።

ሚያዝያ 22

ኤዶ ሻሚስ መጣች። ሽቶ እንኳን አልተቀባችም።

"እንዴት ናት?"

"ሰላም ናት።"

"ነገረችሽ?"

"ምንም። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ታመሰግናለች። አትናገርም። እኔ እጠብቃለሁ።"

"ጠየቅሻት?"

አየችኝ፣ ከሰው አፍ የማይወጣ ነገር ያልኩ ይመስል።

"እንዴት ነው የምጠይቃት? የመጣችው እሷ ናት። የመጣው ነው የሚናገር። አንቺስ እንዲህ አይደል ያስተማርሽን?"

ነገ ቤትሽ እመጣለሁ አልኳት።

ሚያዝያ 23

ሄድኩ። ዐኒሳ ግቢው ውስጥ ከውሃ ታንከሩ ጥላ ሥር ተቀምጣለች፣ ጉልበቷን አቅፋ። ኤዶ ሻሚስ ሻሂ ልታመጣ ገባች። ፈራሁ። የአፍ መፍቻ ቋንቋዋ የሆነ ልጅ ፊት ያ የእኔ እንግሊዝኛ... ግን ወጣ። ስሜን ነገርኳት፣ ከየት እንደመጣሁ፣ መንገዱን። ከዚያ፣ እኔ የአማራ ልጅ ነኝ፣ ትዕግሥትም የለኝም፣ በቀጥታ ጠየቅኳት። ለምን አያትሽን አታወሪያትም?

ማዳመጫውን አወረደች። ምንም አልተከፈተበትም ነበር።

"ማንም ስለ እማዬ አይጠይቀኝም" አለች። "እዚያ ሁሉም ይጠይቁኝ ነበር። አስተማሪዬ፣ ሐኪሙ፣ ጎረቤቶቹ። እዚህ ውሃ ሰጥተውኝ፣ ወንበር ሰጥተውኝ፣ ዝም ብለው ያዩኛል። መስማት የማይፈልጉ ይመስለኛል። አያቴም ስለ እሷ መስማት አትፈልግም።"

ሻሂው መጣ። በጣም ይጣፍጣል አልኩ። አልቀመስኩትም። አያት ልጅቷ እስክትናገር ትጠብቃለች፣ ልጅት እስክትጠየቅ ትጠብቃለች። ሁለቱም በአንድ ግቢ። ጥያቄ ክልክል ነው ብዬ ግማሽ ዓመት ያስተማርኩት ደግሞ እኔ። ቅጥል አልኩ በራሴ።

ስወጣ በር ላይ ለኤዶ ሻሚስ ነገርኳት። "እንድትጠይቂያት እየጠበቀች ነው። መስማት የማትፈልጊ መስሏታል።"

የበሩን ብረት ያዘች። "እኔ?" አለች። "እኔ?"

ሚያዝያ 30

ከፋሲካ በኋላ የመጀመሪያ ቀን። ክፍሉን በሙሉ ለኤዶ ሻሚስ አዋልነው። ዋርዳ ዐኒሳን ሆነች። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ አለማመድኳት። እናትሽ መቼ ታመመች? ማን ነበር አጠገቧ? ምን አለች? ቃሉን ታውቀዋለች፣ ደንቡንም ታውቀዋለች፣ ዋርዳ ፊት ሲደርስ ግን ይቀራል።

"እናቷ የሞተችባትን ልጅ እንዲህ ብዬ? አልችልም፣ ቲቸር። አፌ አይሄድም።"

"ሌላ መንገድ የለም፣ ኤዶ" አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሏል። ለእሷ ብዬ ነው የተቆጣሁት፣ ግን ቁጣ ቁጣ ነው... ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ጉሃድ ሊከተላት ተነሣ፣ ተዋት አልኩት።

የዐኒሳ አባት በክረምት እመጣና ካልተስማማት እወስዳታለሁ ብሏል አሉ። ልጅቷ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ከተመለሰች ያ መሐሉ አብሯት ይሄዳል። ኤዶ ሻሚስም እስክትሞት ሰላም ነኝ የሚለውን ብቻ ይዛ...

ግንቦት 3

አልመጣችም።

ግንቦት 6

አልመጣችም። ሱቋ ሄድኩ፣ ተዘግቷል። ጎን ያለችው ሴት "ደህና ናት፣ ቀደም ብላ ነው የዘጋችው" አለችኝ። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፣ ሜዳው ላይ ዝናብ ቆሞ ይታያል፣ ከተማው ግን አልደረሰም። በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ። በየአጥሩ ሥር ሳልፍ ሰዎች ያወራሉ፣ የማንም ወሬ ሙሉውን አይሰማኝም።

ግንቦት 8

ክፍል ሳይጀመር መጣች። ሽቶዋ ቀደመ። ደረጃው ላይ ቁጭ አልን። እንዳለችው ልጻፈው።

ከትናንት ወዲያ፣ እኔ ሄጄ ባጣኋት ቀን፣ ሱቁን ዘግታ ቤቷ ትሄዳለች። ቁልፍ አላት፣ ግን አልከፈተችም። የራሷን በር አንኳኳች። ዐኒሳ ከፈተችላት። "ከሩቅ መጣሁ" አለቻት በእንግሊዝኛ። ልጅቷ ግራ ገብቷት አየቻት። ከዚያ ውሃ ቀዳችላት፣ ስትመጣ ያደረጉላትን አይታለች። ወንበር አመጣችላት። ጠጣች።

"ሰላም ነው አልኩ" አለችኝ ኤዶ ሻሚስ። "ዝናብ አለ፣ ሳር አለ አልኩ። ከዚያ ስለ ሳህራ ጀመርኩ። ከተወለደች ቀን። ቃል ሲያልቅብኝ በእጄ፣ እጄ ሲያልቅ በሶማሊኛ። ጥርስ ስታወጣ፣ መሄድ ስትጀምር፣ ከትምህርት ቤት ስትጠፋ፣ ስትገረፍ፣ አባቷ ሲሞት። አውሮፕላን ላይ እስክትወጣ ድረስ ነገርኳት። ከዚያ በኋላ አላውቅም አልኳት። የእኔ ወሬ እዚህ አለቀ አልኳት።"

"እሷስ?"

"ተነሥታ ወጣች። በሩን ከውጭ ዘጋችው። አባረርኳት ብዬ ደነገጥኩ።"

ጠጋ አልኳት።

"ከዚያ አንኳኳች" አለች።

ገባች። ውሃ ጠጣች። ተቀመጠች። "ከእማዬ ጋር ነበርኩ" ብላ ጀመረች። ኤዶ ሻሚስ "ሀዬ" አለቻት። እስኪመሽ ተናገረች። መሐሉን በሙሉ። ኤዶ ሻሚስ ግማሹን ሰምታለች፣ ግማሹን አልሰማችም፣ የሰማችውንም አልነገረችኝም። የእኔና የእሷ ነው አለች። እኔም፣ በእውነት፣ አልጠየቅኳትም። አንዷን ብቻ ሰጠችኝ።

"በእንቅልፏ ትስቅ ነበር አለችኝ። ልጄ። በሽታው ጠንቶባትም። ዐኒሳ በክፍሏ በር ስታልፍ ትሰማታለች፣ ትገባለች፣ ተኝታለች፣ ትስቃለች። ቲቸር፣ ትንሽ ልጅ ሆናም እንዲህ ነበረች። ከጎኔ ተኝታ ትስቃለች፣ እኔ ሥራ ውዬ ደክሞኛል፣ ጸጥ በይ እላት ነበር።"

አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ባለሱቁ ከታች ቀና ብሎ አይቶን ጣቃውን ይዞ ወደ ውስጥ ገባ። ጉሃድና ዋርዳ ደረጃውን ሊወጡ መጥተው ታች ቆሙ፣ ማንም ኑ አላላቸውም፣ ማንም ሂዱ አላላቸውም።

"ዐኒሳ አሁን ከማን ጋር ነው የምትተኛው?" አልኳት። ይህችን ብቻ ጠየቅኩ።

"ከእኔ ጋር። ያን ቀን ትራሷን ይዛ መጣች።" ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። "ስትተኛ ጆሮዬን ጥዬ እጠብቃታለሁ፣ ትስቅ እንደሆነ ብዬ።"

"ሳቀች?"

"ገና ናት" አለች። "አልቸኩልም።"